ያልተብራራ ነጥብ ፍትሕ አይሆንም፤ የሪትሚክ ጂምናስቲክ ዳኝነት ለወረዳ መድረኮቻችን የሚያስተምረው

ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኘው የጎብዬ ከተማ፣ እንደ ሌሎቹ የራያ ቆቦ አካባቢዎች ሁሉ፣ የፍልሰታ ጾም ከሚፈታበት ከነሐሴ 16 ቀን ጀምሮ በሶለል ጨዋታ ትደምቃለች። ልጃገረዶች በባህላዊ አልባሳትና ጌጣጌጥ ተውበው፣ በየቡድናቸው ከበሮ እየመቱና እያዜሙ ይጫወታሉ። ጨዋታው በዋግ ኽምራ ሻደይ፣ በላስታ ላሊበላ አሸንድዬ፣ በትግራይ አሸንዳ በሚሉ ስሞች ይታወቃል።

ሶለል በባህሪው ውድድር አይደለም። ይሁን እንጂ የባህል ቡድኖችን መድረክ ላይ አቅርቦ ማወዳደርና ለአሸናፊዎቹ ሽልማት መስጠት በአገራችን የተለመደ አሠራር ነው። በትምህርት ቤቶች፣ በወረዳና በዞን ደረጃ የሙዚቃና የውዝዋዜ ውድድር ሲዘጋጅ ዳኛ ሆነው የሚሰየሙት ብዙውን ጊዜ መምህራን፣ የባህል ባለሙያዎችና የልዩ ልዩ ጽሕፈት ቤት ሠራተኞች ናቸው። ሩጫ ቢሆን ሰዓት ይፈርዳል፤ እግር ኳስ ቢሆን ግብ ይቆጠራል። እንቅስቃሴንና ውበትን በነጥብ መመዘን ግን ከዚህ ይለያል። አንደኛ የወጣው ቡድን ለምን አንደኛ እንደወጣ፣ ሦስተኛ የወጣውም ለምን ሦስተኛ እንደሆነ ማስረዳት ያልቻለ ዳኛ፣ በቅን ልቦና የፈረደ ቢሆን እንኳ ሐሜት ያተርፋል።

ይህን ችግር በዓለም አቀፍ ደረጃ ከማንም በላይ የተጋፈጠው የስፖርት ዘርፍ ሪትሚክ ጂምናስቲክ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ስፖርቱ በአገራችን ብዙም ባይዘወተርም፣ ዳኝነቱን ለማስተካከል የሄደበት ረጅም መንገድ ነጥብ እየሰጠ ሰው ለሚያወዳድር ማንኛውም ኮሚቴ ጠቃሚ ትምህርት አለው።

ስፖርቱ ምንድን ነው?

ሪትሚክ ጂምናስቲክ በሙዚቃ ምት እየታጀበ፣ ቀለበት፣ ኳስ፣ ክለብ ወይም ሪባን በእጅ ይዞ የሚከናወን ስፖርት ነው። በኦሊምፒክ የሚወዳደሩት ሴቶች ብቻ ሲሆኑ፣ የመወዳደሪያው ምንጣፍ 13 ሜትር በ13 ሜትር ነው። አንዲት ተወዳዳሪ በግል የምታቀርበው ትርዒት ከ1 ደቂቃ ከ15 ሰከንድ እስከ 1 ደቂቃ ከ30 ሰከንድ ይወስዳል። በዚህ አጭር ጊዜ ውስጥ ትዘላለች፣ ትሽከረከራለች፣ የያዘችውን መሣሪያ ወደ ላይ ወርውራ ትቀልባለች፤ ይህን ሁሉ ስታደርግ ከሙዚቃው ጋር መስማማት ይጠበቅባታል።

የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና እ.ኤ.አ. በ1963 በቡዳፔስት ተካሂዷል። ስፖርቱ በግል ውድድር ወደ ኦሊምፒክ የገባው እ.ኤ.አ. በ1984 በሎስ አንጀለስ ሲሆን፣ የቡድን ውድድሩ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1996 በአትላንታ ተጨምሯል። ዘርፉን የሚመራው እ.ኤ.አ. በ1881 የተመሠረተው ዓለም አቀፉ የጂምናስቲክ ፌዴሬሽን ነው።

ኢትዮጵያውያን የምንኮራበት የአትሌቲክስ ድል በአብዛኛው በመሣሪያ የሚለካ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 በሲድኒ ኦሊምፒክ የ10 ሺህ ሜትር ፍጻሜ ኃይሌ ገብረሥላሴ በ27 ደቂቃ ከ18.20 ሰከንድ ሲገባ ኬንያዊው ፖል ቴርጋት በ27 ደቂቃ ከ18.29 ሰከንድ ተከትሎታል። ልዩነቱ ከአንድ ሰከንድ መቶኛ ክፍል ዘጠኙ ብቻ ነበር፤ ሆኖም ቴርጋትም ሆነ ሌላ ሰው የሰዓቱን ሐቀኝነት አልተጠራጠረም። በሪትሚክ ጂምናስቲክ ግን ሰዓቱም ሜትሩም የዳኛው ዓይን ነው። ስለዚህ የጠባብ ልዩነት ውጤት ሁሉ ለጥያቄ የተጋለጠ ነው።

ነጥቡ እንዴት ይሰጣል?

ፌዴሬሽኑ ለዚህ ያበጀው የመጀመሪያ መፍትሔ ሥራን መከፋፈል ነው። እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው ደንብ መሠረት ዳኞቹ በሦስት ምድብ ይቀመጣሉ። የመጀመሪያው ምድብ የትርዒቱን የክብደት ደረጃ ይመዝናል፤ ከአራቱ ዳኞች ሁለቱ የሰውነትን እንቅስቃሴ፣ ሁለቱ የመሣሪያውን አጠቃቀም ይመለከታሉ። ሁለተኛው ምድብ ኪነ ጥበባዊ ውበቱን፣ ሦስተኛው ምድብ ደግሞ የአፈጻጸሙን ጥራት ይመዝናል። የክብደት ነጥብ ጣሪያ የለውም፤ ኪነ ጥበብና አፈጻጸም ግን እያንዳንዳቸው ከ10 ይያዛሉ። የሦስቱ ድምር፣ የደንብ ጥሰት ቅጣት ሲቀነስለት፣ የመጨረሻው ውጤት ይሆናል።

የአፈጻጸም ዳኛ በስሜት አይቀንስም። መሣሪያ ከእጅ ወድቆ ቢነሣ ተወዳዳሪዋ ለማንሣት የሄደችበት እርምጃ ታይቶ ከ0.50 እስከ 1.00 ነጥብ ይቀነሳል። ይህ አስቀድሞ ታትሞ የወጣ በመሆኑ ዳኛውም፣ አሠልጣኙም፣ ተወዳዳሪዋም ያውቁታል።

ሁለተኛው መፍትሔ የስሌት ነው። በኪነ ጥበብና በአፈጻጸም ምድቦች አራት ዳኞች ነጥብ ሲሰጡ ከፍተኛውና ዝቅተኛው ተጥሎ የመካከለኞቹ ሁለት አማካይ ይወሰዳል። ጥቅሙን በምሳሌ ማየት ይቻላል። አራት ዳኞች 8.10፣ 8.30፣ 8.40 እና 9.20 ሰጡ እንበል። የአራቱ ተራ አማካይ 8.50 ይሆናል። ከፍተኛውና ዝቅተኛው ሲጣሉ ግን ውጤቱ 8.35 ነው። ከሌሎቹ ተለይቶ 9.20 የሰጠው ዳኛ ያደላ ቢሆን ኖሮ፣ በተራ አማካይ ለወዳጁ 0.15 ነጥብ ያተርፍለት ነበር ማለት ነው።

0.15 ነጥብ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን እ.ኤ.አ. ነሐሴ 7 ቀን 2021 በተካሄደው የቶኪዮ ኦሊምፒክ የግል ፍጻሜ የወርቅና የብር ሜዳሊያውን የለየው ይኸው መጠን ነበር። የእስራኤሏ ሊኖይ አሽራም በ107.800 ነጥብ ወርቅ ስታገኝ፣ ሩሲያዊቷ ዲና አቬሪና በ107.650 ብር፣ የቤላሩሷ አሊና ሃርናስኮ በ102.700 ነሐስ ወስደዋል። አሽራም በመጨረሻው ትርዒቷ ሪባኗ ከእጇ ወድቆባት ስለነበር የሩሲያ ቡድን ውጤቱን አጥብቆ ተቃወመ፤ ያቀረበው የነጥብ ማጣሪያ ጥያቄም ውድቅ ተደረገ። መሣሪያ የወደቀባት ተወዳዳሪ እንዴት ልታሸንፍ ትችላለች የሚለው ጥያቄ ለተራ ተመልካች ተገቢ ይመስላል። ይሁንና አንድ ስሕተት የሚያስቀንሰው ነጥብ የተወሰነ በመሆኑ፣ በሌሎቹ ትርዒቶች የተሰበሰበ የክብደት ነጥብ ሊያካክሰው ይችላል። ከዚህ የምንረዳው ስሌቱ የታወቀ በሆነበትም ቦታ እንኳ ለሕዝብ በሚገባ ቋንቋ ካልተብራራ ቅሬታ እንደማይቀር ነው።

ስሌት የማይፈውሰው በሽታ

ጽንፍ የወጡ ነጥቦችን መጣል አንድን አድሎኛ ዳኛ ይገታል። ሁለት ወይም ሦስት ዳኞች ተመሳጥረው ከሆነ ግን ስሌቱ አቅም ያጣል። ከላይ በተጠቀሰው ምሳሌ ሁለት ዳኞች ተስማምተው 9.10 እና 9.20፣ ሁለቱ ደግሞ 8.10 እና 8.30 ቢሰጡ፣ ጽንፎቹ ከተጣሉ በኋላም አማካዩ 8.70 ይሆናል።

ይህ በሐሳብ ብቻ የቀረ ስጋት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2000 በስፔን ዛራጎዛ በተካሄደው የአውሮፓ ሻምፒዮና የነጥብ አሰጣጡ በአድልዎ የተበላሸ ሆኖ በመገኘቱ የተወሰኑ ዳኞች ታግደው ከሲድኒ ኦሊምፒክ ዳኝነት ውጪ ሆነዋል። እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ ለዓለም አቀፍ ዳኝነት በተሰጡ ፈተናዎች ማጭበርበር መፈጸሙ ተደርሶበት ፌዴሬሽኑ በጉዳዩ ተሳታፊ በነበሩ ላይ እርምጃ ወስዷል። ሌላውን ለመመዘን የሚያበቃው የምስክር ወረቀት ራሱ በማታለል ከተገኘ፣ በእሱ ላይ የሚቆመው ዳኝነት መሠረት የለውም። ፌዴሬሽኑ እ.ኤ.አ. በ2019 የሥነ ምግባር ጉዳዮችን በነጻነት የሚመረምር የጂምናስቲክ ሥነ ምግባር ፋውንዴሽን ማቋቋሙም ዳኛን የሚመዝን አካል እንደሚያስፈልግ ያመለክታል።

የዳኛን ስም መደበቅ ይረዳል ወይ?

በእኛም አካባቢ ኮሚቴዎች ብዙ ጊዜ የሚያነሡት አንድ ክርክር አለ። «ማን ምን ነጥብ እንደሰጠ ከታወቀ ዳኛው ከተወዳዳሪው ቤተሰብ ጋር ይቀያየማል፤ ስለዚህ ይደበቅ» የሚል ነው። ክርክሩ ቀላል አይደለም፤ ጎብዬን በመሰለች ሰው ሁሉ በሚተዋወቅባት ከተማ የዳኛው ጎረቤት የአንዷ ተወዳዳሪ አባት መሆኑ የሚጠበቅ ነው።

ይህን መንገድ በተግባር የሞከረው የበረዶ ላይ ሸርተቴ ስፖርት ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 በሶልት ሌክ ሲቲ የክረምት ኦሊምፒክ በጥንዶች ውድድር አንዲት ፈረንሳዊት ዳኛ ጫና ተደርጎብኛል ማለቷን ተከትሎ ታላቅ ውዝግብ ተነሣ፤ በመጨረሻም ለካናዳ ጥንዶች ሁለተኛ የወርቅ ሜዳሊያ ተሰጠ። ዓለም አቀፉ የስኬቲንግ ኅብረት ከዚያ በኋላ ሁለት ለውጦች አደረገ። ከ6.0 ይሰጥ የነበረውን የድሮ ነጥብ በዝርዝር መመዘኛ ተካ፤ ዳኞችን ከአገራቸው ማኅበራት ጫና ለመጠበቅ ሲልም ማን ምን እንደሰጠ እንዳይታወቅ አደረገ።

ውጤቱ የታሰበውን አልሆነም። ኤሪክ ዚትዘዊትዝ የተባሉ አሜሪካዊ የምጣኔ ሀብት ምሁር እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተሙት ጥናት፣ ስም ከተደበቀ በኋላ ዳኞች ለአገራቸው ልጆች የሚያደርጉት አድልዎ እንዳልቀነሰ፣ ይልቁንም 20 በመቶ ያህል እንደጨመረ አሳይተዋል። ጫና አድራጊው ዳኛውን ማየት ባይችልም ሕዝቡና ጋዜጠኛውም ሊያዩት አልቻሉምና። ኅብረቱ እ.ኤ.አ. በ2016 ስም የመደበቅ አሠራሩን በጉባዔ ሽሮታል። መደበቅ ዳኛውን ከቅያሜ ሊያድነው ይችላል፤ ከአድልዎ ግን አያድነውም።

አቤቱታና ሰዓቱ

ግልጽነት ያለ አቤቱታ መንገድ ሙሉ አይሆንም። በሪትሚክ ጂምናስቲክ አሠልጣኝ ማጣራት የሚጠይቀው በክብደት ነጥብ ላይ ብቻ ሲሆን፣ ጥያቄውንም ውጤቱ እንደተገለጸ ወዲያውኑ ማቅረብ አለበት። የኪነ ጥበብና የአፈጻጸም ነጥብ ላይ አቤቱታ አይቀርብም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የተከናወነ ዝላይ ወይም ሽክርክሪት በቪዲዮ ተመልሶ ሊቆጠር ይችላል፣ ውበት ግን አይቆጠርም።

የአቤቱታ ጊዜ ምን ያህል ወሳኝ እንደሆነ በሌላው ዘርፍ፣ በአርቲስቲክ ጂምናስቲክ፣ እ.ኤ.አ. በ2024 በፓሪስ ታይቷል። ነሐሴ 5 ቀን በሴቶች የመሬት ላይ ትርዒት ፍጻሜ አሜሪካዊቷ ጆርዳን ቻይልስ መጀመሪያ 13.666 ነጥብ ተሰጣት። አሠልጣኟ ባቀረቡት ጥያቄ ውጤቷ ወደ 13.766 ከፍ ሲል፣ 13.700 የነበራትን ሩማኒያዊቷን አና ባርቦሱን በልጣ የነሐስ ሜዳሊያ ወሰደች። ከአምስት ቀን በኋላ የስፖርት ግልግል ፍርድ ቤት ጥያቄው ከተፈቀደው አንድ ደቂቃ 4 ሰከንድ ዘግይቷል በማለት ማስተካከያውን ሻረው፤ ሜዳሊያውም ለባርቦሱ ተሰጠ። ቻይልስም ወደ ስዊዘርላንድ ፌዴራል ፍርድ ቤት ይግባኝ ብላለች። አቤቱታው የቀረበበትን ሰዓት በቦታው ወዲያው የሚያረጋግጥ አሠራር አለመዘርጋቱ ለሁለት ወጣት ስፖርተኞች የወራት ስቃይ ምክንያት ሆኗል።

የኢትዮጵያ ልዑካንም በዚያው ኦሊምፒክ የአቤቱታ መንገድን ተጠቅመዋል። ነሐሴ 11 ቀን በሴቶች ማራቶን ትዕግሥት አሰፋ ከትውልደ ኢትዮጵያዊቷ ኔዘርላንዳዊት ሲፋን ሐሰን በ3 ሰከንድ ተቀድማ ሁለተኛ ስትወጣ፣ ሁለቱ ሯጮች በመጨረሻው ፉክክር ተገፋፍተው ነበር። የኢትዮጵያ ቡድን ሲፋን መንገድ ዘግታለች ሲል ያቀረበውን ቅሬታ የይግባኝ ዳኞች ተመልክተው አልተቀበሉትም። በሰዓት በሚለካ ውድድርም ቢሆን የሰው ፍርድ የሚያስፈልግበት ቅጽበት አለ። ቅሬታው ውድቅ መሆኑ ቢያስቆጭም፣ በታወቀ መንገድ ቀርቦ በታወቀ አካል መወሰኑ ጉዳዩን በዕለቱ ዘግቶታል።

ደንብ አስቀድሞ መረጋገጥ እንዳለበትም የሚያስታውሰን ሌላ የአገራችን አትሌት ገጠመኝ አለ። እ.ኤ.አ. መስከረም 12 ቀን 2021 በቪየና ማራቶን አንደኛ የገባው ደራራ ሁሪሳ፣ የጫማው ሶል ውፍረት 5 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ከተፈቀደው 4 ሳንቲ ሜትር በመብለጡ ድሉ ተሰርዟል። ከሩጫው በፊት በአንድ ማስመሪያ ሊለካ ይችል የነበረ ጉዳይ ከ42 ኪሎ ሜትር ድካም በኋላ ተነሣ።

ከአገር ልማድና ከሕገ መንግሥት ጋር

ለራያ ሕዝብ በግልጽ መዳኘት እንግዳ ሐሳብ አይደለም። በራያ ቆቦ ዘወልድ፣ በሌሎች የወሎ አካባቢዎች አበጋር እየተባሉ የሚታወቁት የሽምግልና ሥርዓቶች ደምን ያህል ከባድ ጉዳይ ሳይቀር ሁለቱንም ወገን አስቀርበው፣ ቃላቸውን ሰምተው ያስታርቃሉ። ሽማግሌው ተሰሚነት የሚያገኘው ሁለቱም ወገኖች እኩል ተደምጠናል ብለው ስለሚያምኑ ነው። አበው «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» ሲሉ የተናገሩትም ይህንኑ ነው፤ በአግባቡ ተመዝኖ የታጣ ትልቅ ነገር ያለ አግባብ የተወሰደ ትንሽ ነገርን ያህል አያንገበግብም።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን እንዳለበት ይደነግጋል። በመንግሥት ጽሕፈት ቤት ስም የሚዘጋጅ ውድድር፣ ሽልማቱ አንድ ከበሮ ቢሆን እንኳ፣ ከዚህ መርህ ውጪ የሚሆንበት ምክንያት የለም። የሠራተኛ ቅጥር ቃለ መጠይቅ፣ የደረጃ እድገትና የጨረታ ቴክኒክ ግምገማም ነጥብ በሰው ፍርድ የሚሰጥባቸው በመሆናቸው ጥያቄው ያው አንድ ነው።

በወረዳ ደረጃ ምን ማድረግ ይቻላል?

ከላይ የተዘረዘረው ሁሉ ቪዲዮና ኮምፒዩተር የግድ አይጠይቅም። በጎብዬ፣ በሮቢት ወይም በቆቦ የባህል ቡድኖችን የሚያወዳድር ኮሚቴ በወረቀትና በእስክሪብቶ ሊፈጽመው የሚችል ነው።

በመጀመሪያ መመዘኛውና የእያንዳንዱ መመዘኛ ነጥብ ከውድድሩ ሳምንታት ቀደም ብሎ ለቡድኖቹ በጽሑፍ ይሰጥ። የዜማው ባህላዊነት፣ የአለባበስ ትክክለኛነት፣ የቡድኑ ቅንጅትና የከበሮው ምት ምን ያህል እንደሚያስገኙ ልጃገረዶቹ ሲለማመዱ ማወቅ አለባቸው። በመድረክ ላይ የሚወጣ አዲስ መመዘኛ ተቀባይነት አይኖረውም።

በሁለተኛ ደረጃ ዳኞቹ ቢያንስ አምስት ይሁኑ፤ ከፍተኛውና ዝቅተኛው ነጥብ ይጣል፤ የሦስቱ አማካይ ይያዝ። የአለባበስን ትክክለኛነት የሚያውቁ እናቶች አለባበሱን፣ ሙዚቃ የሚያውቅ መምህር ምቱን ቢመዝን ሁሉም ሁሉን ከሚመዝን ይሻላል፤ በዚህ ጊዜ ግን በአንድ መመዘኛ ላይ ያለ አንድ ዳኛ ብቻውን እንዳይቀር ጥንቃቄ ያሻል።

በሦስተኛ ደረጃ ዝምድና ይገለጽ። አንድ ዳኛ እህቱ፣ ልጁ ወይም ተማሪው ስትወዳደር ከዚያ ቡድን ነጥብ አሰጣጥ መውጣቱ ነውር አይደለም፤ ነውሩ ሳይናገር መቀመጡ ነው። ከጎረቤት ከተማ ሁለት ዳኞችን መጋበዝም የጎረቤታሞችን ጫና ያቀላል።

በአራተኛ ደረጃ የእያንዳንዱ ዳኛ ነጥብ በስሙ ትይዩ ተጽፎ ውጤቱ እንደተነገረ በሰሌዳ ይለጠፍ፤ ሰብሳቢውም አንደኛውና ሁለተኛው በየትኛው መመዘኛ እንደተለያዩ በሁለት ዐረፍተ ነገር ያስረዳ። የነጥብ ወረቀቶቹ ፋይል ተደርገው ይቀመጡ።

በአምስተኛ ደረጃ አቤቱታ የሚቀበል ሰው በስሙ አስቀድሞ ይታወቅ፤ ጊዜው፣ ለምሳሌ ውጤት ከተለጠፈ በኋላ 15 ደቂቃ፣ ተወስኖ ይነገር፤ አቤቱታው የቀረበበት ሰዓትም በመዝገብ ይስፈር። የድምር ስሕተትና የመመዘኛ መዘለል ይታረማል፤ የዳኛ ምርጫ የሆነው ግን በዚሁ ይጸናል።

በመጨረሻ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ሪትሚክ ጂምናስቲክ የክብደት ነጥብን ጣሪያ አልባ ባደረገበት ወቅት ተወዳዳሪዎች ነጥብ የሚያስገኝ ብልሃት እየደራረቡ የስፖርቱን ውበት ረስተውታል የሚል ትችት ቀርቦበት ነበር። ኪነ ጥበብ የራሱ ዳኞችና የራሱ 10 ነጥብ ዳግመኛ የተሰጠው ከቶኪዮ ኦሊምፒክ በኋላ በሥራ ላይ በዋለው ደንብ ነው። ሰው የሚተጋው ለሚቆጠርለት ነገር ነው። የሶለል ቡድኖች የሚመዘኑት በአልባሳት ውድነት ከሆነ የነገዪቱ ሶለል የሀብታም ልጆች ጨዋታ ትሆናለች፤ የሚመዘኑት ከአያቶች በተማሩት ዜማ ከሆነ ደግሞ ልጃገረዶቹ አያቶቻቸውን ይጠይቃሉ። ስለሆነም መመዘኛ የሚያወጣ ኃላፊ አሸናፊን ከመምረጡ በፊት የባህሉን አቅጣጫ እየመረጠ መሆኑን ሊገነዘብ ይገባል። አንዳንዱ ጨዋታ ደረጃ ሳይወጣለት ለሁሉም ቡድን የምስጋና ስጦታ ቢሰጥበት የሚሻል መሆኑን መወሰንም የኮሚቴው ሥልጣን ነው።

የተሸነፈች ልጃገረድ ነጥቧን ከሰሌዳው አንብባ፣ የጎደላትን ተረድታ፣ በሚቀጥለው ዓመት ነሐሴ 16 ቡድኗን ይዛ ከተመለሰች ዳኝነቱ ሥራውን ሠርቷል ማለት ነው። ነጥቧን ሳታውቅ የቀረች ልጅ ግን የምትተወው ውድድሩን ብቻ ሳይሆን በመንግሥት ፍርድ ላይ ያላትን እምነት ጭምር ሊሆን ስለሚችል፣ ነጥብ የሚሰጥ ሁሉ ይህን ከግምት ሊያስገባ ይገባል።